በአዲስ መኪና ላይ ስላለው የፋብሪካ አርማ፤ ይነቀል ወይስ ይቆይ?

የመኪና አርማ ማለት ፋብሪካው የሠራውን መኪና ከሌላው ፋብሪካ ሥራ ለመለየት በፊት ፍርግርጉ፣ በኋላ ክዳኑና በጎኑ ላይ የሚያኖረው የብረት ወይም የፕላስቲክ ምልክት ነው። አንድ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ አዲስ መኪና ከገዛ በኋላ ይህን ምልክት ነቅሎ ቢጥለው ይገባዋልን? ወይስ ሠሪው እንዳኖረው ሊተወው ይገባል? ጥያቄው ሲሰሙት የባለጸጋ ቅንጦት ይመስላል። መኪና የሌለው ሰው፣ እኔም ከእነዚሁ አንዱ ነኝ፣ «አህያም የለኝ፣ ከጅብም አልጣላ» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ነገር ግን ጥያቄው በውስጡ ሌላ ጥያቄ ይዟል፤ ይኸውም በአንድ ሥራ ላይ የተጻፈ የሠሪ ስም የማን ነው? የሠሪው ነው፣ የገዥው ነው፣ ወይስ የተመልካቹ? የሚል ነው። ይህ ደግሞ ለካፋ ሰው በተለይ ቀላል ነገር አይደለም፤ ምክንያቱን በቦታው እገልጻለሁ።

አርማው ይነቀል የሚሉ ሰዎች ሦስት ምክንያት ያቀርባሉ። አንደኛው የባለቤትነት ነው። መኪናውን የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ፋብሪካው ዋጋውን ተቀብሎ ጉዳዩን ፈጽሟል፤ ታዲያ በየመንገዱ እየዞርሁ ደመወዝ የማይከፈለኝ አዋጅ ነጋሪ የምሆንለት ስለ ምንድን ነው? ይላሉ። ሁለተኛው የመልክ ነው። ጥሩ ቅርጽ ያለው ሥራ ጽሑፍ ሳይለጠፍበት ይበልጥ ያምራል፤ በጋቢ ላይ ጥለት እንጂ የሸማኔው ስም አይታይም ይላሉ። ሦስተኛው የጥንቃቄ ነው። በአዲስ አበባ የመኪና መስታወት፣ መብራትና አርማ እየተነቀለ ስለሚሰረቅ ብዙ ባለመኪናዎች የሰሌዳ ቁጥራቸውን በመስታወቱ ላይ ያስቀርጻሉ፤ ሌባ ከሚነቅለው እኔው ቀድሜ ብነቅለው ይሻላል የሚል አሳብ ከዚህ የመጣ ነው።

ይቆይ የሚሉት ደግሞ እንዲህ ሲሉ ይመልሳሉ። መኪናው በሚሸጥበት ቀን አርማው የሌለ እንደ ሆነ ገዥው ይጠራጠራል፤ ተጋጭቶ ቀለም ተቀብቷል፣ ወይም የኋላ ክዳኑ ተለውጧል ብሎ ዋጋ ይቀንሳል። ከዚህም በላይ ሠሪው የደከመበትን ሥራ ስሙን መግፈፍ ነውር ነው ይላሉ። አንዳንዶች እንዲያውም አርማውን መንቀል በሕግ ያስጠይቃል ብለው ያስፈራራሉ፤ ይህ ግን መሠረት ያለው ፍርሃት አይመስለኝም። በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪ ተመዝግቦ የሚታወቀው በሰሌዳው፣ በሻንሲውና በሞተሩ ቁጥር ነው። ሊብሬው ላይ የሰፈረው የመኪናው ማንነት በኋላ ክዳኑ ላይ ባለው ፕላስቲክ መኖርና አለመኖር አይለወጥም።

በእኔ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች አንድ ስሕተት ይሠራሉ። በመኪና ላይ ያለውን ምልክት ሁሉ አንድ አድርገው ይቆጥሩታል። እኔ ግን ምልክቶቹን በአራት ክፍል እለያቸዋለሁ። የመጀመሪያው ስለ መኪናው አሠራር የሚያስረዳ ነው። ሁለተኛው የማዕረግ ምልክት ነው። ሦስተኛው የሻጩ ማስታወቂያ ነው። አራተኛው የሠሪው ስም ነው። እያንዳንዱን ለብቻው ስንመረምር ፍርዱም የተለያየ ሆኖ እናገኘዋለን።

ስለ አሠራር ከሚናገረው ልጀምር። ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 460 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ቦንጋ የደረሰ ሰው በመናኸሪያው ቆሞ የሕዝቡን ንግግር ቢያዳምጥ፣ መኪኖች የሚጠሩት ፋብሪካው ባወጣላቸው ሙሉ ስም እንዳልሆነ ይገነዘባል። ሕዝቡ ከምልክቱ ውስጥ የሚጠቅመውን ብቻ መርጦ ይወስዳል። ቶዮታ በናፍጣ ሞተሮቹ ላይ «ዲ-4ዲ» የሚል ምልክት ስለሚለጥፍ መኪናው ራሱ «ዲፎርዲ» ተብሏል። ቡናና እህል የሚያመላልሰው የአይሱዙ የጭነት መኪና በሩ ላይ በተጻፉት ፊደላት «ኤፍ ኤስ አር» ይባላል። ይህ ልማድ አዲስ አይደለም። በጣሊያን ወረራ ዘመን የገባው ፊያት 634 «ትሬንታ ኳትሮ» ተብሎ ቀረ፤ በጣሊያንኛ ሠላሳ አራት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ፊያት 682 ኤን 3 «ኤንትሬ» ተባለ። ኦ ኤም የተባለው የጣሊያን ፋብሪካ «ሌዮንቺኖ»፣ ማለት የአንበሳ ደቦል፣ ብሎ የሰየመው መኪና በእኛ አገር አፍ «ሎንቺና» ሆነና ውሎ አድሮ ከሌላ ፋብሪካ የወጣ መካከለኛ አውቶቡስም በዚሁ ስም ተጠራ። በዛሬው ጊዜ በቦንጋ ዳገትና ቁልቁለት ሰው የሚያመላልሰው ባለ ሦስት እግር ሁሉ ባጃጅ ነው፤ ቲ ቪ ኤስ የተባለው ሌላው የህንድ ኩባንያ የሠራውንም ሰዉ ባጃጅ ይለዋል፤ በግንባሩ ላይ የተጻፈውን የሚያነብ የለም።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ አርማውን በመንቀል መኪናውን ስም አልባ ማድረግ የሚቻል አይደለም፤ «ስምን መልአክ ያወጣዋል» እንደሚባለው የመኪናን ስም ደግሞ መንገደኛው ያወጣዋል። ሁለተኛ፣ ሕዝቡ የያዘው ምልክት ብዙውን ጊዜ አንድ ጥቅም ያለው ነገር የሚናገር ነው። ናፍጣ ወይስ ቤንዚን እንደሚጠጣ ለነዳጅ ቀጂው፣ ባለ አራት እግር ጉልበት መሆኑን በጭቃ ጊዜ ለሚረዳው ሰው፣ የሞተሩን ዓይነት ደግሞ መለዋወጫ ከጅማ ወይም ከአዲስ አበባ በስልክ ለሚያዝዘው መካኒክ ይናገራል። የኤሌክትሪክ መኪና ሲሆን ጉዳዩ ከዚህም ይከብዳል፤ መኪናው ቢገለበጥ ሊያድን የሚመጣው ሰው ከወለሉ በታች ከፍተኛ ኃይል ያለው ባትሪ መኖሩን በሩቅ ሊያውቅ ይገባዋል። እንግዲህ ይህን የመሰለውን ምልክት መንቀል ባለቤቱን በምንም አይጠቅመውም፤ ሌላውን ሰው ግን ሊጎዳ ይችላል።

ሁለተኛው የማዕረግ ምልክት ነው። ከእነዚህ ሁሉ በአገራችን የታወቀው «ቪ8» የሚለው ነው። እርግጥ በመሠረቱ ይህም የአሠራር መግለጫ ነበር፤ ሞተሩ ስምንት ሲሊንደሮች እንዳሉትና እነዚህም አራት አራት ሆነው በሁለት ረድፍ በላቲኑ «ቪ» ፊደል ቅርጽ እንደ ተሰለፉ ይናገራል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2021 የተሠራው 200 የተባለው የላንድ ክሩዘር ዓይነት የባለሥልጣን መጓጓዣ ሆኖ በመታወቁ፣ «ቪ8» የሚለው ቃል በኢትዮጵያ የሲሊንደር ቁጥር መሆኑ ቀርቶ የሥልጣን ደረጃ ሆነ። በገጠር መንገድ ዳር የቆመ ገበሬ ይህን ባየ ጊዜ የሚያስበው ስለ ሞተሩ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ባህላችንን ማስታወስ ይገባል። በቀድሞው ዘመን የኢትዮጵያ ነገሥታትና መኳንንት የፈረስ ስም ነበራቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ይባሉ ነበር። ፈረሱ ስሙን ያገኝ የነበረው ከጌታው አሳብና ግብር ነበር፤ ፈረሱን ማን እንዳረባውና በምን ያህል እንደ ተገዛ ስሙ አይናገርም ነበር። በ«ቪ8» ጊዜ ግን ነገሩ ተገልብጧል፤ ክብሩ ከመጓጓዣው ወደ ተቀማጩ ይሻገራል። ሰውየው የሠራው ሥራ ሳይጠየቅ የተቀመጠበት ይቆጠርለታል። ለዚህ ነው የማዕረጉን ምልክት መንቀል ደግ ነው የምለው። መንቀሉ ብቻውን ሰውን ትሑት ያደርገዋል ማለቴ አይደለም፤ የመኪናውን ቅርጽ የሚያውቅ ሁሉ ያለ ጽሑፍም ያውቀዋልና። ነገር ግን ምልክቱ ከውጭ ሆኖ ለማንም የሚሰጠው አገልግሎት የለም፤ የሲሊንደሩን ቁጥር መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ያየዋል፤ መኪናው የመንግሥት መሆኑን ደግሞ ሰሌዳው ይናገራል፤ የሰሌዳው ተግባር ተጠያቂ እንዲኖር ነው፣ የምልክቱ ሥራ ግን ማስፈራት ብቻ ሆኗል። እንደ ቢ ኤም ደብሊውና መርሴዲስ ያሉት የጀርመን ፋብሪካዎች እንኳ ገዥው ከጠየቃቸው የሞዴሉን ቁጥር ሳይለጥፉ መኪናውን ያስረክባሉ፤ የራሳቸውን አርማ ግን ትተው አይልኩም። ማዕረጉንና ስሙን ለይተዋቸዋል ማለት ነው።

ሦስተኛው የሻጩ ማስታወቂያ ነው። የአስመጪውና የሻጩ ስም በኋላ መስታወትና በሰሌዳው ማቀፊያ ላይ ተለጥፎ ይገኛል። ይህ ስለ መኪናው አንዳች አይናገርም፤ ባለ መኪናው ያለ ዋጋ የተሸከመው የሱቅ ሰሌዳ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የቻይና የኤሌክትሪክ መኪኖች በብዛት ይታያሉ፤ ከእነዚህም አንዱ ቢ ዋይ ዲ ነው። ሦስቱ ፊደላት «ቢልድ ዩር ድሪምስ»፣ ማለት ሕልምህን ገንባ፣ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል መነሻዎች ናቸው፤ በአንዳንዶቹ መኪኖች ላይም ቃሉ ሙሉ በሙሉ በኋላ ክዳኑ ላይ ተጽፎ ይታያል። ይህ የሠሪ ስም መሆኑ ቀርቶ ስብከት ሆኗል። ኩባንያው ራሱ በኋላ በሠራቸው ሞዴሎች ላይ ረጅሙን ቃል ትቶ ሦስቱን ፊደላት ብቻ ማኖር ጀምሯል። ስለዚህ ባለ መኪናው ስብከቱን ነቅሎ ስሙን ቢያስቀር ኩባንያው ራሱ ያደረገውን አደረገ እንጂ በደል አልሠራም።

አራተኛውና ዋናው የሠሪው ስም ነው። ጋቢን ምሳሌ አድርገው የሚከራከሩት ሰዎች እዚህ ላይ መልስ ያገኛሉ። በጋቢ ላይ የሸማኔው ስም ያልተጻፈው ስም አላስፈላጊ ስለ ሆነ አይደለም፤ ሸማኔው ራሱ በገበያ ቆሞ ስለሚሸጥ ነው። በቦንጋ ገበያ ማር የሚገዛ ሰው የሻጩን ፊት ያያል፤ ማሩ ስኳር የተቀላቀለበት ሆኖ ቢገኝ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሰውየውን ፈልጎ ያገኘዋል። ፊቱ ዋሱ ነው። የመኪና ሠሪ ግን ባሕር ማዶ ነው፤ ገዥው በሕይወቱ አያየውም። እንግዲህ አርማው በዚያ በማይታየው ሰው ፊት ፈንታ የቆመ ዋስ ነው። ፍሬኑ ቢበላሽ፣ መሪው ቢሰበር፣ ተወቃሹ ማን እንደ ሆነ የሚናገር የዋስ ፊርማ ነው።

ሆኖም አርማ ሁልጊዜ እውነቱን ሁሉ ይናገራል ማለት አይደለም። ቶዮታ በጃፓን ገበያ «ቪትዝ» ብሎ ለብዙ ዓመት የሸጠውን መኪና በአውሮፓ «ያሪስ» ብሎ ይሸጥ ነበር፤ ሥራው አንድ ሲሆን ስሙ ሁለት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በአፍሪካ አገሮች «ስታርሌት» ተብሎ የተሸጠው የቶዮታ መኪና በህንድ አገር በሱዙኪ ፋብሪካ የተሠራው «ባሌኖ» ነው። እዚህ ላይ የሱዙኪን አርማ የነቀለው ገዥው ሳይሆን ፋብሪካው ራሱ ነው። ግን አንድ ነገር እናስተውል፤ ቶዮታ ስሙን ሲያኖርበት ኃላፊነቱንም አብሮ ተሸክሟል፤ ዋስ የሆነው በእጁ ባይሠራውም እንኳ ነው። ከዚህም አርማ ከሁሉ በፊት የሚናገረው «ማን ሠራው» የሚለውን ሳይሆን «ማን ይጠየቅበት» የሚለውን መሆኑን እንረዳለን።

በአገራችንም እንዲህ ያለ ነገር ተደርጓል። ሆላንድ ካር የተባለው ኩባንያ በሞጆ ከተማ መኪና ይገጣጥም ነበር፤ መኪኖቹንም አባይ፣ አዋሽ፣ ተከዜ፣ ሸበሌ እያለ በወንዞቻችን ስም ሰየማቸው። አባይ የተባለችው የቻይናው ሊፋን 520 ነበረች። የአገር ወንዝ ስም በመኪና ላይ ማንበብ ልብን ደስ የሚያሰኝ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ኩባንያው ከዓመታት በኋላ ሥራውን ባቆመ ጊዜ ባለ መኪናዎቹ ለመለዋወጫ የሚፈልጉት የወንዙን ስም ሳይሆን የሊፋንን ስም ሆነ፤ የአባይ በር፣ የአባይ ፍሬን የሚሠራ ፋብሪካ በዓለም አልነበረምና። ስም ከመለጠፍ በፊት ሥራው ሊኖር ይገባል፤ ሥራው ሳይኖር የተለጠፈ ስም ዋስ በጠፋ ጊዜ የሚጠራው ሰው የለም።

አሁን ለካፋ ሰው ይህ ጥያቄ ለምን ቀላል እንዳልሆነ ለማስረዳት እመለሳለሁ። ዓረቢካ የተባለው ቡና መገኛው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን መሆኑ በሳይንስ የታወቀ ነው፤ ዓረቢካ የሚለው ስም ግን የዓረብ አገር ስም ነው። የፈረንጁ «ኮፊ» ከካፋ የመጣ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ የለም፣ ከዓረብኛው «ቀህዋ» ነው የሚሉም አሉ። የዚህን ክርክር ፍጻሜ ለቋንቋ ሊቃውንት እንተወው። የማያከራክረው ነገር ሌላ ነው። ከካፋ ደን ተለቅሞ፣ ደርቆ፣ በጆንያ ተሞልቶ የሚወጣው ቡና ብዙውን ጊዜ የለቀመው ሰው ስም የለበትም፤ ከሌላው ቡና ጋር ተቀላቅሎ ይሄዳል። በቦንጋ ከተማ ስለ ቡና ብሔራዊ ሙዚየም ተሠርቷል፤ ነገር ግን የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የቡና ስሞችን በውጭ አገር በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ በተነሣ ጊዜና በ2007 ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ስምምነት ሲደረግ፣ የተያዙት ሦስት ስሞች ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ ነበሩ። ካፋ ከእነዚያ ውስጥ አልነበረም።

ወደ ጅማ የሚወጣውን የጭነት መኪና ልብ ብሎ የሚያይ ሰው ይህን በዓይኑ ይመለከተዋል። መኪናው የሠሪውን ስም በግንባሩ ተሸክሟል፤ በጀርባው የተሸከመው ጆንያ ግን የገበሬውን ስም አይናገርም። የብረቱ ሠሪ ሩቅ ሳለ ይታወቃል፤ የቡናው አልሚ ቅርብ ሳለ አይታወቅም። እኛ ስለ ቡናችን ስማችን ይጻፍልን፣ ማን እንዳለማው ይነገር እያልን የምንጠይቅ ሰዎች፣ የሌላውን የእጅ ሥራ ስሙን ገፍፈን የምንጥል ከሆነ በምን አፋችን እንከራከራለን? ስም ለሠሪው የሚገባ ከሆነ ለፋብሪካ ሠራተኛውም ይገባል፤ የማይገባ ከሆነ ለቡና ለቃሚዋም አይገባም ማለት ነው። እንደ እኔ አሳብ የሠሪውን አርማ ለማቆየት ከዚህ የሚበልጥ ምክንያት አይገኝም።

ሌባን ፈርቶ የሚነቅለውን ሰው በተመለከተ፣ ችግሩ እውነተኛ መሆኑን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ሌባው መስታወቱንም መብራቱንም ስለሚፈልግ ባለ መኪናው በዚህ መንገድ እስከ መጨረሻው ሊሄድ አይችልም።

በመጨረሻም የማዕረጉን ወይም የሻጩን ምልክት ለመንቀል ለሚወስን ሰው ስለ አሠራሩ ጥቂት ልናገር። መንቀል ካስፈለገ መኪናው አዲስ ሳለ ነው፤ ቀለሙ በፀሐይ ከደበዘዘ በኋላ የተነቀለ ፊደል ጥላውን ትቶ ይሄዳልና። በማጣበቂያ ብቻ የተለጠፈው በፀጉር ማድረቂያ ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ ከዚያ በቀጭን ጠንካራ ክር ከሥሩ ይቆረጣል እንጂ በጠፍጣፋ መፍቻ አይፈነቀልም። አንዳንዱ ምልክት ግን በቀዳዳ ውስጥ በገባ ሹል የተያዘ ነው፤ ይህ ሲነቀል ቀዳዳው ክፍት ይቀራል፤ እንደ ቦንጋ ዝናብ በሚበዛበት አገር ደግሞ ውኃ የገባበት ቀዳዳ ሳይውል ሳያድር ይዝጋል። በዘመኑ መኪኖች ላይ የፊተኛው አርማ በስተ ኋላው ርቀት የሚለካ ራዳር ሊይዝ፣ የኋለኛውም የክዳኑ መክፈቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ያልመረመረ ሰው ጌጥ ነቀልሁ ብሎ ዓይን ሊያወጣ ይችላል።

የነገሩ ማጠቃለያ ይህ ነው። በአዲስ መኪና ላይ የሚመሰክረው ይቆይ፤ የሚመካው ይነቀል። ስለ አሠራሩ የሚያስረዳው ለሌላው ሰው የተጻፈ ስለ ሆነ አይነካ። የማዕረጉ ምልክትና የሻጩ ማስታወቂያ ለባለ መኪናው ፈቃድ የተተዉ ናቸው፤ ቢነቅላቸው አመሰግነዋለሁ። የሠሪው ስም ግን ገዥው ከፍሎ የገዛው ዕቃ አይደለም፤ ከዕቃው ጋር የተሰጠው ዋስ ነው፤ ዋሱንም በገዛ እጁ የሚያሰናብት አስተዋይ የለም። የካፋ ቡና ጆንያም እንደ ጫነው መኪና የሠሪውን ስም በግንባሩ ተሸክሞ የሚወጣበት ቀን እስኪመጣ ድረስ፣ እኛ ስም መግፈፍን የምናስተምር መሆን አይገባንም።